አበርፋን

ስለ ብሪታንያ ንጉሣዊ ቤተሰብ የሚተርከው የቴሌቪዥን ድራማ «ዘ ክራውን» 60 ክፍል አለው። ልቤ የቀረው ግን «አበርፋን» የተባለው ክፍል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1966 ዌልስ ውስጥ፣ አበርፋን በምትባል መንደር፣ የከሰል ማዕድን ተረፈ ምርት ክምር ተንዶ ትምህርት ቤት ላይ ወረደ፤ 116 ልጆችና 28 አዋቂዎች አለቁ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ለቅሶ የደረሱት ከስምንት ቀን በኋላ ነበር። ድራማው ላይ ኦሊቪያ ኮልማን፣ ንግሥቲቱን ሆና፣ እንባ እምቢ እንዳላት ለጠቅላይ ሚኒስትር ዊልሰን ትነግረዋለች። የዝግ ቤት ንግግር ነውና ቃሉ የደራሲው የፒተር ሞርጋን ነው። ቢሆንም አመንኩት። ለቅሶ ቤት ገብቶ ዓይኑ የደረቀበት ሰው እንዴት እንደሚጨነቅ አውቃለሁ፤ እሷን ደግሞ አገር ሙሉ ነው ፊቷን የሚያየው። የልዕልት ዲያና ክፍሎች፣ ብዙ ቢወራላቸውም፣ የዚህን ያህል አልያዙኝም።