የብሎካችን ውሃ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም የገባነው በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ብሎኮቹ ገና የሲሚንቶ ሽታ ሳይለቃቸው ነው። እናቴ በ1997ቱ ምዝገባ ስማቸውን ካስመዘገቡት ከ300 ሺህ በላይ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች አንዷ ነበረች። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ስለነበር፣ ልጆቿን ብቻዋን ላሳደገች ሴት ተስፋው እሱ ነበር። ስሟ የወጣ ዕለት ልደታ ከምንኖርበት የቀበሌ ግቢ የተነሣው እልልታ ዋናው መንገድ ድረስ ተሰምቷል።

የተረከብነው ቤት ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ቀለም ያልነካው ነበር። ክፍሎቹን የሚለያየው አግሮስቶን ስለሆነ ሚስማር ስትመታበት ይፈረከሳል። እኔ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም፤ ደመወዜ ለሴራሚክ አይደርስም። እናቴ የእቁቡን ዳኛ ለምና ዕጣዋን ቀድማ ወሰደችና ቅድሚያ ክፍያውን ጨርሰን፣ በተረፈው ሳሎኑን ብቻ አስለብሰን ገባን። የደረሰን አራተኛ ፎቅ ነው። ከደረጃው ጫፍ ስትቆም ወጨጫ ፊት ለፊት ይታያል፤ እናቴ ለጠያቂ ሁሉ መጀመሪያ የምታሳየው ቤቱን ሳይሆን ያንን ተራራ ነበር።

ተራራው ውሃ አልሆነንም። ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ሌሊት። ስምንት ሰዓት ላይ ምድር ቤት ያሉት ባልዲ ሲያንኳኩ እንሰማና ተነሥተን ቧንቧችንን እንከፍታለን፤ አየር ብቻ ይተፋል። ሁለተኛ ፎቅ በኪራይ የሚኖር ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ደረጃው ላይ ቆሞ ለእናቴ እንዲህ ብሎ አስረዳት፦

«እማማ፣ ውሃ ዐሥር ሜትር ሽቅብ እንዲወጣ አንድ ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል። እርስዎ ጋ ለመድረስ ከዚያም ይበልጣል፤ በየክርኑ በየመታጠፊያው የሚባክነውም አለ። ሰፈሩ ሁሉ አንዴ ሲቀዳ ግፊቱ እዚሁ ምድር ላይ ያልቃል። ጥፋቱ የእርስዎ ቧንቧ አይደለም።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የፎቁ ነዋ!» አለችው እናቴ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለውሃ ጉዳይ ከሱ ሌላ ሰው አታምንም ነበር።

አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች እንደምትጠጣ ተማሪዎቼን አስተምራለሁ። ካርታው ላይ ሁሉም መስመር ቀጥ ብሎ ወደ ከተማው ይገባል። አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ግን የመጨረሻዋ የውሃ መስመር የገዛ ትከሻው ናት። ቢጫው የዘይት ጀሪካን ሃያ ሊትር ይይዛል፤ ሃያ ኪሎ ማለት ነው። እናቴ በዕድሜዋ እሱን ይዛ በየፎቁ እያረፈች ስትወጣ ሳይ ትምህርት ቤት ውዬ መመለስ ያሳፍረኝ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ያለች ነፍሰ ጡር አንዲት ጀሪካን በሁለት ተከፍላ እንድትመጣላት ለልጆች ትከፍላለች። ጠዋት ሜክሲኮ የሚሄደውን ታክሲ ለመያዝ ሰልፉ ገና በጨለማ ስለሚጀመር፣ ሌሊት ውሃ ጠብቆ የነቃ ሰው ሰልፉ ላይ ቆሞ ያንቀላፋል። መካኒሳ ሳንደርስ ታክሲው ውስጥ ያለነው ግማሾቻችን እንተኛለን።

በዚህ መሀል ምድር ቤት ሻይ ቤት የከፈቱት እትዬ በመስመሩ ላይ ፓምፕ አስገጠሙ። ሌሊት ውሃው ሲመጣ ፓምፑ ያጓራል፣ ከመስመሩ ይስባል፣ የሳቸው በርሜሎች ይሞላሉ። ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ትደርስ የነበረችው ቀጭን ውሃም ቀረች። ብሎኩ ታመሰ። በር እየደበደበ የሚሳደብ፣ ፓምፑን እሰብራለሁ ብሎ ብረት ይዞ የሚወርድ ነበር። እትዬም በበኩላቸው ሦስት ልጅ የሚያሳድጉት በዚያች ሻይ ቤት ነው፤ ውሃ ከሌለ ጀበና አይጣድም። ሁለቱንም ወገን ደረጃው ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ እውነታቸው ግን ማንንም አላጠጣም።

ሊያስታርቁ የሞከሩት ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው። እድሜያቸውን በከባድ መኪና አሰብ መንገድ ላይ የጨረሱ፣ ድምፃቸው ከደረጃው ሥር እስከ ጣሪያ የሚሰማ ጋሼ ነበሩ። እሁድ እሁድ ሰዉን ብሎኩ ፊት ለፊት ባለው ሣር ላይ ይሰበስባሉ። «በረሃ ላይ አንድ በርሜል ውሃ ለዐሥር ሾፌር አካፍዬ አውቃለሁ፤ እናንተ ከተማ መሀል ሆናችሁ እንዴት ያቅታችኋል?» ይላሉ። ይደመጣሉ፣ ይከበራሉ፤ ሰኞ ሌሊት ግን ፓምፑ ያጓራል።

ጋሼ ያረፉት በክረምት፣ በአንድ ሐሙስ ሌሊት ነው። የልጃቸውን ጩኸት ሰምተን ስንወጣ ደረጃው ላይ የተገናኘነው ሰዎች አብዛኞቻችን ስም ለስም አንተዋወቅም ነበር። ልደታ ሳለን ሰው ሲሞት ማን ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቃል፤ የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳኑ ይወጣል፣ የሴቶች እድር ድስቱን ይዞ ይመጣል። እዚህ ጥሩምባ የሚነፋ የለ፣ ድንኳን የለ። አስከሬኑን በሬሳ ሣጥን ለማውረድ ሲሞከር የደረጃው መታጠፊያ ጠበበ። ሣጥኑን ቀጥ አድርጎ ማዞር አልተቻለም፤ ማዘንበልም ለልጆቻቸው የሚታይ አልነበረም። የቧንቧ ሠራተኛውና አብረውት የሚኖሩት ሁለት ተከራይ ተማሪዎች በብርድ ልብስ አድርገው፣ አንዱ ከሥር ወደ ኋላ እየረገጠ፣ ጋሼን በክብር አወረዷቸው። ሣጥኑ ምድር ላይ ጠበቃቸው።

ድንኳኑን ያመጣው ጋሼ ቀድሞ ይኖሩበት የነበረው ሰፈር እድር ነው፤ በአይሱዙ ጭነው፣ ወንበሩንና ብረት ድስቱን ይዘው መጡ። መኪና ማቆሚያው ላይ ተተከለ። ለቀስተኛው እየበዛ ሲሄድ የጨነቀን ውሃው ነው። ንፍሮ የሚቀቀለው፣ ሽሮ የሚሠራው፣ እጅ የሚታጠበው በምን ይሁን? ያን ጊዜ የሻይ ቤቷ እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡና መጋዘናቸውን ወለል አድርገው ከፈቱት። «ያለው ሁሉ ይኸው። ቅዱ» አሉ። እስከ ሠልስት ድረስ ሻይ ቤቱን ዘጉ፤ ሌሊት ፓምፑ ሲያጓራ የሚሞላው የድንኳኑ በርሜል ሆነ። ፓምፑን እሰብራለሁ ያለው ሰውዬ ከእትዬ ጋር አብሮ ባልዲ ሲያቀባብል በዓይኔ አይቻለሁ።

እድሩ የተቋቋመው በሠልስቱ ማግስት፣ ድንኳኑ ሳይነቀል ነው። መዝገቡን እንድይዝ «ቲቸር ትጻፍ» ተባለና ጸሐፊ ሆንኩ። የመጀመሪያው ክርክር አባል ማን ይሁን የሚል ነበር። አንድ ባለቤት ተነሥተው ተከራይ ዛሬ ገብቶ ነገ የሚወጣ ስለሆነ እድር ሊገባ አይገባም አሉ። የጋሼ ባለቤት፣ ከል እንደለበሱ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ባሌን ማን አወረደው?» ብለው ጠየቁ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ክርክሩ እዚያው ቆመ፤ ተከራይም ባለቤትም እኩል መዋጮ፣ እኩል ቀብር ተብሎ ተጻፈ። ጽሑፉ በእጄ ነው፤ መዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ።

የውሃው ስምምነት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለት ትልልቅ ሮቶ፣ እያንዳንዳቸው አምስት ሺህ ሊትር በሚይዙ፣ ሌሊት የሚመጣውን ውሃ ምድር ላይ ማጠራቀም፤ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በአንድ የጋራ ፓምፕ ወደ ላይ መግፋት። የእትዬ ፓምፕ ከመስመሩ ተነሣ፤ ሻይ ቤቱም እንደማንኛውም ቤት ከሮቶው ይቀዳል። ነገሩ እንዲህ ሲነገር ቀላል ነው። ገንዘቡ ግን ወራት ፈጀ። ሮቶው፣ ቧንቧው፣ የሮቶው ማስቀመጫ ብረት፣ ለፓምፑ የተለየ ቆጣሪ። ከባለቤቶቹ ገሚሱ እዚያ አይኖሩም። ስልክ እየደወልኩ የለመንኳቸው ብዙ ናቸው፤ «ተከራዬን ጠይቂ» ይሉኛል፣ ተከራዩ ደግሞ «በሰው ቤት ቧንቧ የማሠራው ምን ቆርጦኝ ነው?» ይላል። ቀድማ የላከችው ቤይሩት በሰው ቤት ሠራተኛነት ያለች አንዲት የብሎካችን ቤት ባለቤት ናት። ቤቱን የከፈለችው እዚያ በለፋችበት ነው፤ ገብታም አታውቅም። «እናቴ ስትገባበት ውሃ ታግኝ» ብላ ድርሻዋን በእህቷ በኩል ሰደደች። ስሟን ስብሰባ ላይ ሳነብ ብሎኩ አጨበጨበ፤ ከዚያ በኋላ ያልከፈለ ሰው መጥራት አላስፈለገኝም።

ሥራውን የሠራው የቧንቧ ሠራተኛው ነው። የእጅ ዋጋ አልተቀበለንም፤ ለዕቃው ብቻ ከፈልን። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ፓምፑ ሲነሣ እናቴ ከነጋቢዋ ቧንቧው ሥር ቆማ ነበር። አየሩ ተፋ፣ ቆሻሻ ቡናማ ውሃ መጣ፣ ከዚያ ጠራ። በሁለት እጇ ዘግና ፊቷን ታጠበችና በረንዳው ላይ ወጥታ ስሙን ጠርታ መረቀችው። ሁለተኛ ፎቅ ሆኖ «አሜን እማማ!» ሲል ሰምቼዋለሁ።

በእርግጥ ሁሉም አልተቃናም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ አይሠራም፤ በበዓል ዋዜማ ብሎኩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ይሄዳል፣ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። ተመልሶ ሲመጣ ልጆቹ ከየደረጃው «መጣ!» ብለው የሚጮኹት ለሁለቱም ነው። ደረጃው ላይ የሚቀመጥ ቆሻሻ፣ በየበረንዳው የሚሰጣ በርበሬ የሚያስነሣው ማስነጠስ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ላይ እየተገፉ የሚወጡ ሶፋዎች፣ የጋራ መገልገያ ቤቱን፣ ኮሚናሉን፣ ለሠርግ ማን ቀድሞ ይያዝ የሚለው ጭቅጭቅ አላለቀም። ያልቃል ብዬም አልጠብቅም።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው የኪራይ ዋጋ ተጨምሮበት ከብሎካችን ለቆ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት የፓምፑ ጥገና ጉዳይ በቤት ባለቤቶች ማኅበር ሲወሰን ድምፅ አልነበረውም። እጁን ሊያወጣ ሲል ሰብሳቢው «ይቅርታ፣ አባል አይደለህም» አሉት። ትክክል ነበሩ፤ የ1995ቱ የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የማኅበሩ አባል የሚያደርገው የቤቱን ባለቤት ነው። ቧንቧውን በገዛ እጁ የዘረጋው ሰው እጁን አውርዶ ዝም አለ። እናቴ ያን ቀን ስብሰባውን ረግጣ ወጣች፤ ለወትሮው ስብሰባ ላይ ቃል የማትተነፍስ ሴት ናት።

እድራችን ከዚያ አዋጅ ይልቅ የሰፈሩን ኑሮ ያውቅ ነበር እላለሁ። ባለቤትነት የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ የሚከፍለው ባለቤቱ ስለሆነ በዚያ ላይ እሱ ይወስን። ውሃው ስንት ሰዓት ይለቀቅ፣ ዘበኛው ማን ይሁን፣ ቆሻሻው የት ይቀመጥ፣ ደረጃው ማታ ይብራ አይብራ የሚለው ግን እዚያ የሚያድረው ሰው ጉዳይ ነው። በብሎካችን ዛሬ ከሚያድሩት ብዙዎቹ ተከራዮች ናቸው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅም ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ እንግዲህ ተከራዩ ዛሬ ገብቶ ነገ የሚወጣ ነው ማለት አያስኬድም። የጋራ ሕንፃው አዋጅ የማኅበሩን አባልነት ለባለቤት ቢሰጥም፣ ነዋሪውን ሁሉ ጠርቶ በዕለት ኑሮው ላይ ማማከርን የሚከለክል ነገር አላየሁበትም።

ይህን በጽሑፍ አዘጋጅቼ ለማኅበሩ ኮሚቴ አስገብቻለሁ፤ የነዋሪዎች ጉባኤ የሚባል፣ ባለቤትም ተከራይም እኩል እጁን የሚያወጣበት፣ በየሦስት ወሩ የሚሰበሰብ። ሁለት የኮሚቴ አባላት ደግፈውኛል፣ ሰብሳቢው ይቃወማሉ። የሻይ ቤቷ እትዬ «እኔ በቤቴ ባለቤት ነኝ፣ ሻይ ቤቷን ግን ተከራይቻት ነው፤ ታዲያ እኔን ወዴት ልታደርጉኝ ነው?» ብለው ከወዲሁ ጠይቀዋቸዋል። የፊታችን እሁድ፣ ከጀሞ ሚካኤል ቅዳሴ መልስ፣ ሣሩ ላይ እንሰበሰባለን። የእድሩን መዝገብ ይዤ እሄዳለሁ፤ የመጀመሪያውን ገጽ አነብላቸዋለሁ።