ልጅና በገና

ሰው ልጅ በወለደ ጊዜ ወዳጆቹ ሁሉ ደስታቸውን ይገልጡለታል፤ ስለ ሕፃኑ ጤንነት፥ ስለ እናቲቱም ብርታት ይጠይቁታል። ነገር ግን ልጅ ከመውለዱ አስቀድሞ በትርፍ ሰዓቱ ይሠራው የነበረ፥ ገንዘብ የማያመጣለት ነገር ግን ነፍሱን ደስ የሚያሰኝ የእጁ ሙያ ከምን እንደ ደረሰ የሚጠይቀው የለም። በልጅ ፊት እንዲህ ያለውን መጠየቅ ቀልድ ይመስላልና። እኔ ባለፈው ጥር ወደ መንዝ ወጥቼ አንድ የቆየ ወዳጄን በጎበኘሁ ጊዜ የተጨዋወትነው አብዛኛው ስለዚሁ ነገር ስለ ነበረ፥ ለሌሎችም ወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ጻፍሁት።

ወዳጄ መምህር ነው፤ ቤቱም ከጓሳው ዳር ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍ ያለ፥ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ደጋ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከሚያበቅለው ከጓሳ ሣር ነው። በዚያ ጅባራ ቆሞ፥ ጭላዳ ሣር ሲነጭ፥ ቀይ ቀበሮም አይጥ ሲያድን ይታያል። በጥር ሌሊቱ ውርጭ ስለ ሆነ፥ ከበግ ጠጕር የተሠራ ባና የሌለው ሰው እንቅልፍ አያገኝም።

በደረስሁ ጊዜ ልጃቸው በ80 ቀኗ ክርስትና ከተነሣች ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር። እናቲቱን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኋት፤ እርስዋም «እንኳን በደኅና መጡ» ብላ ተቀበለችኝ። ሕፃኒቱን በአንቀልባ አዝላ፥ በእጇ እንዝርት ይዛ የበግ ጠጕር ትፈትል ነበር። በግድግዳው ላይ በነጠላ የተሸፈነ በገና ተሰቅሎ አየሁ። ወዳጄ የሚደረድረውን በገና ገበቴውን ጠርቦ፥ ቆዳውን ወጥሮ፥ አውታሩንም ከመንዝ በግ አንጀት ፈትሎ ራሱ እንደ ሠራው ስለማውቅ፥ «ዛሬ ማታ ታሰማናለህ» አልሁት።

«ተወው ወንድሜ» አለኝ። «ልጅቱ ከተወለደች ጀምሮ አልነካሁትም። የሚገዛኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ ጾሙ ሳይገባ እሰጠዋለሁ። ሌሊት ከልጅ ጋር ስነቃ አድሬ፥ ቀን ሳስተምር ውዬ፥ ማታ እጄን ባነሣው አይታዘዘኝም። ልጅ ያለው ሰው በገና ምን ያደርግለታል?»

ነገሩ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። በገና አሥር አውታር ያለው፥ አባቶቻችን ከነቢዩ ከዳዊት ጋር የሚያያይዙት፥ በተለይም በዐቢይ ጾም የሚደረደር የምስጋናና የጸሎት መሣሪያ ነው። በአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቍራጭ ቆዳ ስለሚገባ ድምፁ እንደ ንብ ያጕረመርማል። ከደርዳሪዎችም ብዙዎቹ ከአሥሩ አውታር አምስቱን ወይም ስድስቱን ብቻ ይመታሉ፤ የቀሩት ለጣት ማረፊያ ናቸው። ይህን ለመልመድ ወዳጄ ብዙ ዓመት ደክሟል፤ አሁን ቢሸጠው ሌላ መግዣ ገንዘብ ቢያገኝ እንኳ ሌላ ልብ እንዳያጣ ፈራሁለት።

እኔ የምመልሰውን ሳስብ ሚስቱ እንዝርቷን አቁማ ተናገረች። «የእሱስ በገና ተሰቅሎ ይታያል፤ እንግዳም መጥቶ ይጠይቅለታል። የእኔን ሙዳይ ግን መሰቀሉን ያየ ሰው የለም» አለች።

ቀና ብለን ብናይ ከምሰሶው ላይ በስንደዶና በአክርማ የተጀመረ፥ ቀይና ጥቍር ሐረግ የተጣለበት፥ እስከ ግማሹ ብቻ የተሰፋ ሙዳይ ተንጠልጥሏል። ወስፌው እንደ ተሰካበት ነበር። ባልየው ደንግጦ፥ «አንቺማ ሁልጊዜ ስትሠሪ አያለሁ» አላት። እርስዋም፥ «መፍተል ለቤት ነው፤ ብርድ ስላለ እፈትላለሁ። ስፌቱ ግን ለእኔ ነበር። ወስፌ ይዤ ልጅ ማቀፍ አልችልም» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ በዚያ ማታ ስለ በገና የተናገረ ሰው አልነበረም።

በተኛሁበት ሆኜ በጀርመን አገር የነበረውን፥ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የደረሰውን የዮሐን ሴባስቲያን ባኽን ታሪክ አሰብሁ። ይህ ሊቅ ከመጀመሪያይቱ ሚስቱና እርስዋ ከሞተች በኋላ ካገባት ከሁለተኛይቱ 20 ልጆች ወልዷል፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ግን 10 ብቻ ናቸው። ሰውም ሁሉ «ይህን ያህል ልጅ ይዞ ይህን ያህል ዜማ እንዴት ደረሰ?» እያለ ያደንቀዋል። ሁለተኛይቱ ሚስቱ አና ማግዳሌና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1721 ዓ.ም. ስታገባው በኬተን ልዑል ቤት ደመወዝ የምትቀበል ዘማሪት ነበረች። 13 ልጆች ወለደችለት፤ የእርሱንም ዜማ በእጇ ገለበጠች። የእርሱ ዜማ እስከ ዛሬ ይሰማል፤ የእርስዋ ድምፅ ከምን እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ከወዳጄ ጋር ወደ ጓሳው ወጣን፤ እርሱም የአገሩን ሕግ አስታወሰኝ። በ17ኛው ምዕት ዓመት የአገሩ አባቶች የአስቦና የጌራ ወገኖች የቄሮን ሥርዓት አቆሙ። በዚህ ሥርዓት ጓሳው አንዳንድ ጊዜ ሦስት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ከብት አይሰማራበትም፥ ማጭድም አይገባበትም። ሣሩ በደረሰ ጊዜ ቀን ተቈርጦ ይከፈታል፤ ባለ መብቱም ሁሉ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ግን የቄሮው ሥርዓት ፈረሰ፤ ጓሳውም ለሁሉ ክፍት ሆኖ ሣሩ ተጐዳ። ኋላ ሕዝቡ ኮሚቴ አቁሞ፥ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ እንደ ገና መጠበቅ ጀመረ።

ይህን በነገረኝ ጊዜ እንዲህ አልሁት፦ «እንግዲያስ አባቶችህ የዘጉት ሣር ጠፋ ብሎ ያለቀሰ ሰው ነበረን? የተዘጋ ነገር የጠፋ አይደለም። ነገር ግን ጓሳው የዳነው በመዘጋቱ ብቻ አይደለም፤ መዘጋቱ በሁሉ ምክር ስለ ሆነ፥ የሚከፈትበትም ቀን ስለሚቈረጥ፥ በተከፈተም ጊዜ ለባለ መብቱ ሁሉ ስለሚከፈት ነው። አንተ በገናህን ሰቀልኸው እንጂ አልዘጋኸውም፤ የመክፈቻ ቀን የለውምና። የሚስትህንም ሙዳይ ማንም ሳይመክርበት ልጅ ዘጋው።»

ወዳጄ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ሄደ። ከዚያም፥ «በፊትም ቢሆን በገና ስደረድር ውኃውን የምትቀዳው እርስዋ ነበረች» አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

ከቤት በተመለስን ጊዜ ባልና ሚስት ተቀምጠው ተመካከሩ። በገናው እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ተዘግቶ እንዲቈይ፥ ጾሙ ሲገባ ረቡዕና ዓርብ ማታ እንዲከፈት ተስማሙ። ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ ባልየው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሕፃኒቱን ተቀብሎ እንዲይዝ፥ ውኃውንም እንዲቀዳ፥ እርስዋም ወስፌዋን እንድታነሣ ተቀጣጠሩ። ለገዢውም «እስከ ፋሲካ አልሸጥም» የሚል ቃል ላከበት። ከፋሲካ በኋላ ስለሚሆነው አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

በጾሙ እኩሌታ ስልክ ደወልሁለት። ከውርጩ የተነሣ ሁለት አውታር ተበጥሶበታል፤ ከሦስት ማታ አንዱ በልጅ ልቅሶ ይሰናከላል፤ ሚስቱም «ሐረጉን ረስቼው ሁለት ጊዜ ፈታሁት» ትላለች። ሙዳዩ ግን አራት ጣት ያህል አድጓል።

አንባቢ ሆይ፥ አንተም አዲስ ወላጅ ብትሆን እጅህ ሞተ ብለህ አትዘን፤ ሁሉን እንደ ቀድሞው ካላደረግሁ ብለህም ቤትህን አታስጨንቅ። የምትዘጋውን ዝጋ፤ ነገር ግን ከትዳር ጓደኛህ ጋር ተማክረህ ዝጋው፥ የሚከፈትበትንም ቀን አስቀድመህ ቍረጥ። ከሁሉም በፊት በቤትህ ውስጥ ከአንተ በፊት ሳይነገር የተዘጋ ሙያ እንዳለ ቀና ብለህ ተመልከት። የተወለዱትን እግዚአብሔር ያሳድግልን፤ ለአሳዳጊዎቹም የእጃቸውን በረከት አይንሣቸው።