ከኮሶ በር እስከ በለስ ቆላ፤ ስለ ቀርከሃና ስለ ሽመል

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ ቡሬንና ጥሊሊን አልፎ ወደ እንጅባራ ሲቃረብ፤ ብርዱ ስለሚበረታበት ጋቢውን ሳይደርብ አያልፍም። ኮሶ በር ተብላም የምትጠራው ይህች ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በአዊ አገር ተቀምጣለች። ጥንት እሳተ ገሞራ በቈፈረው ጕድጓድ ውስጥ የተኛው የዘንገና ሐይቅም ከመንገዱ ብዙ አይርቅም። ዳሩ ግን የመንገደኛውን ዓይን ከሐይቁ ይልቅ የሚስበው በየጓሮው ተጠጋግቶ የቆመው ቀርከሃ ነው። በመንገድ ዳርም ወንበሩ፤ አልጋውና መደርደሪያው ከዚሁ ከቀርከሃ ተሠርቶ ለሽያጭ ተደርድሮ ይታያል።

በዚያ አገር ቀርከሃ ለባለጸጋውም ለድኻውም የቤት ረዳት ነው። አጥሩ ከእርሱ ይታጠራል፤ ጎተራው ከእርሱ ይሠራል፤ ቅርጫቱም ከእርሱ ይፈተላል። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ቀርከሃውን የሚተክለው በዱር ሳይሆን በቤቱ አጠገብ፤ ዓይኑ በሚያየው ስፍራ ነው።

ከእነዚህ ጓሮዎች በአንደኛው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋራ ሲነጋገሩ ደረስን። ልጁ፤ «አባባ፤ ይህን ቀርከሃ ነቅለን ዲከረንስ ብንተክልበት፤ በአምስት ዓመት ከሰሉን ሸጠን የቤታችንን ክዳን ቆርቆሮ እናደርገዋለን። ጎረቤቶቻችን ሁሉ እንዲህ አድርገዋል፤ እርስዎ ብቻ ቀሩ» አላቸው። ሽማግሌውም፤ «ልጄ፤ ይህን ሥር አባቴ ሲተክለው አንተ አልተወለድህም። ዲከረንስን አንድ ጊዜ ቈርጠህ ከሸጥኸው በኋላ እንደ ገና ችግኝ ትፈልጋለህ። ቀርከሃ ግን ብትቈርጠውም ከሥሩ ሌላ ይሰጥሃል» ብለው መለሱለት። ልጁም፤ «እውነት ነው፤ ነገር ግን ያለፈው ዓመት ገዢ ያደረገብንን እርስዎም ያውቁታል» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ ነጋዴ ለወለል ጣውላ የሚሆን ቀርከሃ እፈልጋለሁ ብሎ መጣ፤ ዕድሜውንም ሳይለይ ለጋውንም ጐልማሳውንም በአንድነት አስቈረጠ። ጭነቱ ከሥራ ቦታው ሲደርስ ለጋው በደረቀ ጊዜ ተጨማትሮና ተሰንጥቆ ስለ ተገኘ፤ ዋጋው እኩሌታው ተቀነሰ። በሚቀጥለውም ክረምት ጓሮው ሳስቶ ታየ፤ አዲስ የበቀለውም ቀጭን ሆነ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ለመሆኑ ጥፋቱ ከምን መጣ? ቀርከሃ እንደ ዛፍ ከዓመት ወደ ዓመት የሚወፍር አይደለም፤ የሣር ወገን ነው። ቡቃያው በክረምት ዝናብ ከምድር ሲወጣ ኋላ የሚኖረውን ውፍረት ይዞ ይወጣል፤ በሁለት ወይም በሦስት ወር ውስጥም ቁመቱን ይፈጽማል። ላየው ሰው ያን ጊዜ የደረሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ውስጡ ውሃ የሞላበት ለጋ ነው። እንጨቱ ለሥራ የሚጠነክረው ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ከዚህም በቀር ለጋው አገዳ ቅጠሉ ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥር እየላከ የሚመጣውን ዓመት ቡቃያ ስለሚመግብ፤ እርሱን የቈረጠ ሰው የነገውን ልጅ ከነእናቱ እንዳስራበ ይቈጠራል።

ስለዚህ ዐዋቂ ገበሬ በየዓመቱ የበቀለውን አገዳ ምልክት ያደርግበታል፤ ሦስት ዓመት የሞላውን ብቻ፤ እርሱንም ሁሉን ሳይሆን ከፍሎ፤ በበጋ ይቈርጣል። በበጋ መቈረጡም ምክንያት አለው። ያን ጊዜ በአገዳው ውስጥ ያለው ውሃ ጥቂት ስለሚሆን እንጨቱ ቶሎ ይደርቃል፤ አዲስ ቡቃያም በእግር አይረገጥም።

ከቀርከሃ የወለል ጣውላ የሚወጣበት ሥራ ደግሞ ይህን ይመስላል። አገዳው በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ አንጓው ይላጋል፤ የውጭው ቅርፊትና የውስጡ ልስልስ ይነሣል። ቀጥሎም ነቀዝ የሚወድደው ጣፋጭ ነገር እንዲወጣለት በፈላ ውሃ ይቀቀላል፤ ወይም ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በተበጠበጠበት ውሃ ይነከራል። ከደረቀ በኋላ ስንጥሩ ሁሉ አንድ ልክ ሆኖ ተልጎ፤ በሙጫ ተጣብቆ፤ በጋለ መጫኛ ይጫናል። ሌላም መንገድ አለ፤ ይኸውም ስንጥሩን ጨፍልቆ እንደ ቃጫ ካደረጉት በኋላ ሙጫ አጠጥቶ በብርቱ ኃይል መጫን ነው። በዚህ መንገድ የተሠራው ጣውላ ከብዙ ጠንካራ እንጨቶች ይበልጣል። ቻይናዎች ይህን ሥራ አስፋፍተው፤ በዠጂያንግ አውራጃ ያለችው አንጂ የምትባል አገር በቀርከሃዋ በዓለም ታውቃለች።

ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው መንገድ በቻግኒ በኩል ወደ መተከል ይወርዳል፤ ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ ነው። መንገደኛው ወደ በለስ ቆላ እየወረደ ሲሄድ ጋቢውን ያወልቃል፤ ቀርከሃውም ሌላ ሆኖ ይቈየዋል። የደጋው ውስጡ ክፍት ሲሆን፤ የቆላው ግን ውስጡ ድፍን ነው፤ ስሙም ሽመል ይባላል። አባቶቻችን በእጃቸው ይዘውት የሚሄዱት ሽመል የተባለው በትር ስሙን ያገናኘው ከዚህ ነው። የጉሙዝ ሰዎች ቤታቸውን በእርሱ ይሠራሉ፤ በክረምትም ለጋ ቡቃያውን ቀቅለው ይበሉታል።

ሽመል ግን አንድ አደጋ አለበት። በብዙ ዐሥር ዓመታት አንድ ጊዜ ጫካው በአንድነት ያብባል፤ ዘሩን ካፈሰሰ በኋላም ይሞታል። ያን ጊዜ እሳትና ከብት ካልተከለከሉ ቡቃያው ሳያድግ ይቀራል። የደጋውም ቀርከሃ ቢሆን በዘመኑ ከዚህ ዕጣ አያመልጥም፤ ስለዚህ ንግድን በአንድ ጫካ ላይ ብቻ መመሥረት አይገባም።

የአገራችን የቀርከሃ ሀብት ጥቂት አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1997 የተመሠረተው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም በቤጂንግ ያለው የዓለም የቀርከሃ ድርጅት ከሰማይ በተነሣ ሥዕል ባስመረመረ ጊዜ፤ በኢትዮጵያ 1 ሚሊዮን ተኩል ሄክታር ገደማ ቀርከሃ ተገኝቷል። መንግሥትም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ2019 እስከ 2030 የሚደርስ የቀርከሃ ልማት ዕቅድ አውጥቷል። ዳሩ ግን ዕቅዱ የሚፈጸመው በእንዲህ ያሉ ጓሮዎች ውስጥ ስለሆነ፤ ገዢው ለጐልማሳው አገዳ ከለጋው የበለጠ ዋጋ ካልከፈለ ገበሬው የሚታገሥበት ምክንያት የለውም።

ወደ እንጅባራ በተመለስን ጊዜ ክርክሩ አልቆ አገኘነው። ልጁ የጓሮውን ዳገት ለዲከረንስ ወሰደ፤ ውሃ የሚወርድበትን ቦይ ዳር የያዘው ቀርከሃ ግን ሳይነካ ቀረ፤ ሥሩ አፈሩን እንደሚይዝ ሁለቱም ያውቃሉና። ሽማግሌው ቀለም የተነከረ ጨርቅ ይዘው የዘንድሮውን አገዳ ሲቀቡ፤ ልጁ ከኋላቸው እየተከተለ ይቈጥር ነበር። «ስንት ሆነ?» አሉት። «አባባ፤ አርባ ሦስት» አለ። «እንግዲህ ሦስት ዓመት ጠብቃቸው፤ ከዚያ በኋላ ገዢው ሲመጣ የምትመርጥለት አንተ ነህ እንጂ እርሱ አይደለም» አሉት።

ጓሮና ማሳ ያላችሁ አንባቢዎቻችንም ይህን ምክር ብትይዙት ትጠቀሙበታላችሁ፤ ቀርከሃ የሚያከብረው የሚታገሠውን ቤተ ሰብ ነውና።