ከሦስተኛው ቀን በኋላ



የአገራችን ሰው ለቅሶ መድረስ ያውቃል። እዚህ ካምባ ሰው ሞተ ሲባል ከየተራራው የማይመጣ የለም። እኛ ሙስሊሞች ቁጥራችን አነስተኛ ቢሆንም ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዶማቸውን ይዘው መቃብር ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ ንፍሮና ቡና ይዘው ይገባሉ። ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው፤ አላህ አያሳጣን። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ሦስቱ ቀን አልፎ ፍራሹ ሲነሳ ሐዘንተኛው ከማን ጋር ይቀራል?

መልሱን በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት ውስጥ እናገኘዋለን። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ወደ ሐበሻ ተሰደው በመጡት ሶሐቦች ስም በነጃሺ ፊት የተናገረው ነው። ባለቤቱ አስማእ ቢንት ዑመይስም (ረ.ዐ.) አብራው ነበረች፤ ልጃቸው ዐብዱላህ የተወለደው በዚሁ በአገራችን ምድር ነው። ጃዕፈር በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ በሆነ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ቤቱ ሄደው ልጆቹን አስጠርተው አቀፏቸው፤ አለቀሱም። የቤቱ ሰዎች በሐዘን ተይዘዋልና ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዙ። ከሦስት ቀን በኋላም ተመልሰው መጡ። ለቅሶው እንዲበቃ ተናገሩ፤ ፀጉር ላጭ አስጠርተው የልጆቹን ራስ አስላጩ፤ እናታቸው የልጆቹን የቲምነት ስታነሳባቸውም ኃላፊያቸው እርሳቸው መሆናቸውን ነገሯት።

ልብ እንበል! ምግቡ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ገባ እንጂ ከሐዘንተኛው ቤት አልወጣም። ዛሬ ግን በየቦታው ሐዘንተኛ ተበድሮ ከብት ሲያርድ፣ ለቅሶ ደራሹም ተሰብስቦ ሲመገብ እናያለን። ዑለማኦች የጠሉት ነገር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሦስተኛው ቀን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመለያያ ቀን ሳይሆን የመመለሻ ቀን ነበር።

ባሏ የሞተባትን ሴት እናስብ። ለሌላው ዘመድ ሐዘኑ ሦስት ቀን ሲሆን የእርሷ ዒዳ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። ለአስፈላጊ ጉዳይ ቀን መውጣት ቢፈቀድላትም እንደ ልቧ ገበያ አትመላለስም። ታዲያ ጨውና ጋዝ ማን ይግዛላት? ማሳዋን ማን ይቆፍርላት? ሟቹ ዕዳ ቢኖርበትስ? ቁርኣን ውርስን ያስቀመጠው ከኑዛዜና ከዕዳ በኋላ ነው፤ የሟች ወንድሞች ግን አንዳንዴ ዕዳው ሳይከፈል ስለ መሬቱ ይጠይቃሉ። አባት ያጡ ልጆች ሐዘን በዚህ ጊዜ እጥፍ ይሆናል።

በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ሐምሌ 15 ቀን 2016 የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ በዶማና በእጃቸው ሲቆፍሩ ሁለተኛው የደረሰባቸው ናቸው። ለጎረቤት መድረስ ማለት ከዚህ በላይ ምን አለ? የተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ሦስቱ ቀን አለፈ፤ የነዚያ ሰዎች ልጆች ግን በአራተኛውም ቀን ራት ይፈልጉ ነበር።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ! ተዕዚያ በአንደበት ብቻ አይፈጸምም። ሐዘንተኛውን በመጀመሪያው ሰዓት በምክር አናጨናንቀው፤ እንባ አልተከለከለም፤ የተከለከለው ሙሾና ፊት መንጨት ነው። «ምን ላድርግልህ?» ብለን አንጠይቀው፤ ያዘነ ሰው አፍ አውጥቶ አይጠይቅምና። ይልቅ አንዱ እህሉን ያስፈጭ፤ አንዱ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤትና ወደ መድረሳ ያድርስ፤ ወጣቶች ለእርሻው ደቦ ይውጡ፤ እድሩም በአርባኛው ቀን ደጁን ያንኳኳ። ሐዘንተኛው ክርስቲያን ጎረቤታችን ሲሆንም ዶማችንን ይዘን እንውጣ፤ እነርሱ ለኛ ወጥተዋልና።

አላህ ሟቾቻችንን ይማር፤ ለቀሪዎቹ ሶብር ይስጥልን፤ እኛንም ከሦስተኛው ቀን በኋላ ከሚመለሱት ያድርገን። አሚን!