የአራቱ መንኰራኩሮች ጥንተ ነገር

የማናቸውንም ነገር ጥንት የሚመረምር ያገሬ ሰው፥ ነገሩ የብረትና የቅባት ቢሆንም እንኳ፥ አስቀድሞ መጽሐፍ ቅዱስን መግለጡ አይቀርምና፥ እኔም በአራቱም ጎማዎቹ ኃይል የሚሄድ መኪና ከወዴት መጣ የሚል ጥያቄ በተነሣብኝ ጊዜ በመጀመሪያ የሄድሁት ወደ ነቢዩ ሕዝቅኤል ነው። ነቢዩ፥ እንደኛው ስደተኛ ሆኖ በኮቦር ወንዝ አጠገብ ሳለ፥ አራት መንኰራኩሮች በራእይ እንደ ታዩት፥ የሕያዋኑም መንፈስ በመንኰራኩሮቹ ውስጥ እንደ ነበረ ይናገራል፤ ኃይሉ በሁለቱ ብቻ ሳይሆን በአራቱም ማደሩን ባየሁ ጊዜ ነገሩ ያለቀለት መስሎኝ አንድምታ ለመጻፍ ብዕሬን አነሣሁ። ነገር ግን እነዚያ መንኰራኩሮች ሲሄዱ መዞር የማያሻቸው መሆናቸውን ሳነብ ብዕሬን መልሼ አኖርሁ፤ የምድራውያን ጠቢባን ጭንቅ ሁሉ እኮ፥ ኃይል የሚቀበለው የፊት ጎማ በዚያው ቅጽበት ወደ ቀኝና ወደ ግራ መዞር ስላለበት የመጣ ጭንቅ ነው።

ወደዚህ ምርምር የገፋኝ ጎረቤቴ ነው። ይህ ሰው በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አጠገብ በነበረ ጋራዥ ከረዳትነት ተነሥቶ ብየዳንም ሞተር ማውረድንም የተማረ፥ ዛሬ በሚኒያፖሊስ ከተማ የሰው መኪና በመጠገን የሚተዳደር ሲሆን፥ በ1958 (ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የተሠራች ሸቭሮሌ አፓቼ የምትባል ፒክአፕ ገዝቶ፥ የኋላ ጎማዎቿ ብቻ የሚገፏትን ይህችን አሮጊት ባለ ሁለት ዲፈረንሻል አድርጌ የሚኔሶታን በረዶ አስረግጣታለሁ ብሎ ተነሣ። ሐሳቡ ከራሱ የፈለቀ አዲስ ግኝት መሆኑን አልተጠራጠረም። እኔ ደግሞ መፍቻ ከመያዝ መጽሐፍ መያዝ የሚቀናኝ ሰው ስለሆንሁ፥ መብራት ከማብራት በቀር በማልረባበት ሥራ ላይ ቢያንስ የታሪክ ጸሐፊ ልሁን አልሁ።

የትውልዱ ሐረግ እንዲህ ነው። ብራማ ዲፕሎክ የተባለ እንግሊዛዊ በ1893 አራቱም መንኰራኩሮቹ የሚሠሩ የእንፋሎት መጐተቻ የፈጠራ መብት አወጣ፤ በ1903 ደግሞ የኔዘርላንድ ሰዎች የሆኑት የስፓይከር ወንድማማቾች፥ ቀደም ሲል ለንግሥት ዊልሄልሚና የወርቅ ሠረገላ የሠሩት እነዚያው ባለ እጆች፥ በአራቱም ጎማዎቹ የሚሄድ የቤንዚን አውቶሞቢል ሠሩ። ይህ ለክብርና ለእሽቅድምድም የሆነ ነውና ፈጥኜ አልፈዋለሁ። ልቤ ያረፈው በጎረቤታችን በዊስኮንሲን፥ ክሊንተንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የብረታ ብረት መሥሪያ ቤት በነበራቸው በሁለቱ አማቾች፥ በኦቶ ዛኮውና በዊልያም ቤሰርዲች ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች የሕዝቅኤል መንኰራኩር ያልነበረበትን ችግር ተጋፍጠው፥ እየታጠፈ የሚሽከረከር መገጣጠሚያ በክብ ብረት ውስጥ ሸፍነው፥ የፊቱ ጎማ በመሪ ሲጠመዘዝም ከሞተሩ የሚመጣለት ኃይል እንዳይቋረጥበት አደረጉ፤ በ1908 የፈጠራ መብታቸውን ተቀበሉ፤ የሠሩትንም መኪና የጦር መርከብ ብለው ሰየሙት። ከእነርሱ የተወለደው ኩባንያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጭነት መኪናዎቹን በብዙ ሺህ ለጦር ሠራዊት ሲያቀርብ፥ ቤሰርዲች ግን ከዚያ ወጥቶ ነበርና፥ በ1917 ኋላ ኦሽኮሽ ተብሎ የታወቀውን ሌላ ፋብሪካ ከባልንጀራው ጋር አቋቋመ። የፈጣሪ ዕጣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ልጁ ሲከብር እርሱ በሌላ ደጅ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሐረጉ ክፍል ለጎረቤቴ የሚስማማው ነው፤ ከባዶ መሥራት ቀርቶ፥ ሌላው ሠርቶ የጨረሰውን ቈርጦ መለወጥ የተጀመረበት ነውና። የማርሞን ቤተሰብ፥ መኪናቸው በ1911 የመጀመሪያውን የኢንዲያናፖሊስ ታላቅ ውድድር ያሸነፈላቸው ባለጠጎች፥ የኢኮኖሚው ድቀት ባንኳኳ ጊዜ ከአርተር ሄሪንግተን ጋር በ1931 ማርሞን ሄሪንግተንን መሠረቱ፤ ይህም ኩባንያ ከ1935 ጀምሮ ከፎርድ ፋብሪካ የወጡትን የጭነት መኪናዎች እየተቀበለ፥ የፊት ዲፈረንሻል እየጨመረ፥ ለጭቃና ለአሸዋ ያዘጋጃቸው ጀመር። ቀጥሎም፥ በዚሁ እኛ በምንኖርበት በሚኒያፖሊስ፥ ናፕኮ የተባለ የመለዋወጫ ቤት፥ የፊት ዲፈረንሻሉን፥ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን ሣጥን፥ ዘንጎቹንና ማሰሪያዎቹን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ፥ ለሸቭሮሌና ለጂ ኤም ሲ ፒክአፖች መሸጥ ያዘ። የሁለቱም ባለቤት የሆነው ታላቁ ኩባንያ መጀመሪያ ዝም ብሎ ተመለከተ፤ ገበያው የማያጠራጥር በሆነ ጊዜ ግን ጂ ኤም ሲ በ1956፥ ሸቭሮሌም በ1957 የናፕኮን ሥራ በፋብሪካ ትእዛዝ መዝገባቸው ውስጥ አገቡት፤ በ1960 ደግሞ የራሳቸውን ሠርተው ናፕኮን አሰናበቱት። ፎርድም ቢሆን የራሱን ያወጣው በ1959 ነው። እንግዲህ ልጁን የወለዱት ቀጥቃጮችና በያጆች ናቸው፤ ባለጠጎቹ ኩባንያዎች ዘግይተው ክርስትና አነሡትና በስማቸው አስጠሩት።

የጎረቤቴ አፓቼ የ1958 መሆኗን እዚህ ላይ ማሰብ ይገባል። የመጀመሪያው ባለቤቷ ጥቂት ገንዘብ ቢጨምር ኖሮ አራቱን ጎማ በመዝገብ አዝዞ ይወስዳት ነበር፤ አልጨመረም፤ ስለዚህ የእርሱን ቁጠባ ዛሬ የእኔ ወዳጅ በጋራዥ ውስጥ በጉልበቱ ይከፍላል።

አከፋፈሉም ቀላል አይደለም። ከወደቀ የ1970ዎቹ ሸቭሮሌ የፊት ዲፈረንሻል አገኘ፤ ነገር ግን የዚያ የጥርስ ምጣኔ 4.11 ሲሆን የአፓቼዋ የኋላው 3.90 ነው፤ ይኸውም ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ዘንጉ በአንዱ በኩል አራት ጊዜ ከጥቂት፥ በሌላው በኩል አራት ጊዜ እንኳ ሳይሞላ ይዞራል ማለት ነው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ የሚናቅ ይመስላል፤ የፊቱንና የኋላውን ዘንግ በአንድ ሣጥን ቈልፈው በደረቅ አስፋልት ላይ ሲነዱት ግን ጎማዎቹ እርስ በርሳቸው እየተጓተቱ፥ አንድም ጎማ እስኪበላ አንድም ብረት እስኪሰበር ድረስ አይታረቁም። ስለዚህ የኋላውንም ዲፈረንሻል ከዚያው ከወደቀው መኪና አወረደ። ለማካፈያው ሣጥን ደግሞ በዚያው ዘመን ዶጅ ይጠቀምበት የነበረውን፥ ከካምቢዮው ተለይቶ ለብቻው በሻንሲው ላይ የሚታሰረውን ኒው ፕሮሰስ 205 መረጠ፤ በዚህም የአሮጊቷን ካምቢዮ ሳይነካ በመካከላቸው አጭር ዘንግ ብቻ ለማግባት ቻለ። ምርጫውን አደነቅሁለት፤ የክብደቱን ነገር ግን ሣጥኑን ከመሬት ባነሣን ጊዜ ሁለታችንም በወገባችን መስክረናል።

ከዚያ ወዲያ ያለው የብየዳ ጥበብ ነው። የፊት ባሌስትራዎቹ ከፍ ካላሉ ዲፈረንሻሉ ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ቋት ጋር ይጋጫል፤ ከመጠን በላይ ከፍ ካሉ ደግሞ ዘንጉ ዘቅዝቆ ክሮቼራው ይንቀጠቀጣል፤ መሪውም ሌላ መንገድ ይፈለግለታል። የባሌስትራ ማንጠልጠያዎቹን ከወፍራም ላሜራ በካርቶን ልክ እየለካ ቈረጠ፤ በሻንሲው ላይ ሲበይድም ስፌቱን ቀጥ አድርጎ ከላይ ወደ ታች አያወርደውም፤ ብረቱ የሚሰነጠቀው በዚያ መሥመር ስለሆነ ማጠናከሪያውን በሰያፍ ያሳርፈዋል። ይህን ከየት ተማርህ ብለው፥ «ጋሼ፥ የተሰነጠቀ አይሱዙ ሲያዩ ቢያድጉ እርስዎም ያውቁት ነበር» አለኝ።

የናፕኮን ታሪክ በነገርሁት ጊዜ አልተገረመም፤ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዕቃው ይገኛል?» ይገኛል፤ ነገር ግን ለገበሬና ለእንጨት ቈራጭ ይሸጥ የነበረው ዕቃ ዛሬ የሰብሳቢዎች ሀብት ሆኖ ዋጋው ሰማይ ወጥቷል ብለው፥ «እንኳን አስቀድመው አልነገሩኝ፥ ተስፋ እቈርጥ ነበር» ብሎ ወደ ብየዳው ተመለሰ።

እኔ ግን ምርምሬ ለአንድ ነገር እንኳ ሳይጠቅም እንዳይቀር፥ አርተር ዋርን የተባለ ሰው በ1948 ከጦርነት የተረፉትን ጂፖች ለአስፋልት ሊያስማማ፥ የፊቱን ጎማ ከዘንጉ የሚያላቅቅና የሚያያይዝ በእጅ የሚዞር መቈለፊያ ማውጣቱን አነበብሁለት፤ ይህ ከሌለ በበጋም የፊቱ ዘንግ በከንቱ ሲሽከረከር፥ ቤንዚንም ሲበላ ይኖራልና። ጎረቤቴ መነጽሩን ከግንባሩ ላይ አውርዶ አየኝ። በአገር ቤት የረዳትነት ዘመኑ ላንድ ሮቨር በጭቃ ሲያዝ፥ ሹፌሩ ከነጫማው ተቀምጦ፥ ወርዶ ያንን መቈለፊያ የሚያዞረው እርሱ ነበር፤ ለአፓቼዋም ሁለቱን ገዝቶ ከመደርደሪያው ላይ አስቀምጧቸዋል።