የአባቴ ማጠንጠኛ እና ግራሶው

ሰው አባቱን በብዙ ነገር ሊያሳዝን ይችላል። እኔ ያሳዘንኩት በግራሶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በወጣትነቱ አሰላ ውስጥ የትራክተር መካኒክ ነበር። የሠራውም እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ የጭላሎን ገበሬ ለማገዝ በተቋቋመውና ሁላችንም «ካዱ» እያልን በምንጠራው ፕሮጀክት ነው። አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ስዊድናዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ቀይ የዓሣ ማጥመጃ ክር ማጠንጠኛ ከነዘንጉ ሰጠው። በጎኑ ላይ በላቲን ፊደል «አቡ» የሚል ተጽፎበታል። እኛ ልጆቹ የአቡዬ ስም ይመስለን ነበር። ኋላ እንዳነበብኩት ግን ስሙ የፋብሪካው ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ስዊድን ውስጥ ስቫንግስታ በምትባል ከተማ ሲቋቋም የሰዓት ፋብሪካ ነበር። ለካስ አባቴ ማጠንጠኛውን እንደ ሰዓት የሚይዘው ያለ ነገር አልነበረም!

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ አሮጌ ጋዜጣ ዘርግቶ ይፈታዋል። ብሎኖቹን በተፈቱበት ተራ ይደረድራል፤ ያጥባል፤ ይቀባል፤ ይገጥማል። ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። ባለፈው ዓመት ግን እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ትንሿ ብሎን ሦስት ጊዜ ከጣቱ አምልጣ ወደቀች። ለአራተኛ ጊዜ አላነሣትም። «ዘንድሮስ አንተ አድርገው» አለኝና ካቻቢቴውን አቀበለኝ።

እኔ ደግሞ የመካኒክ ልጅ ነኝ፤ ማን ይችለኛል? ከመለዋወጫ ሱቅ በፌስታል የተቋጠረ ግራሶ ገዛሁ። ምን ዓይነት ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። አባቴ ጋደም ባለበት ሰዓት ጥርሱንም፣ ኩሽኔታውንም፣ ፍሬኑንም ጢም አድርጌ ሞላሁና ገጠምኩት። ከእርሱ የበለጠ የተንከባከብኩት መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሥተን በኦጎልቾ በኩል ወደ ዝዋይ ሐይቅ ወረድን። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ያየኛል። ወረወርኩ። መንጠቆው እግሬ ሥር ጠብ አለ። ደግሜ ወረወርኩ፤ ሦስት እርምጃ ያህል ሄደ። መረባቸውን ከውሃው ይስቡ የነበሩ ልጆች ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። ማጠንጠኛውን ተቀበለኝና ክሩ የተጠመጠመበትን ከበሮ በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው። ከበሮው ግማሽ ዙር ዞሮ ቆመ።

«አፍነኸዋል» አለኝ። ከዚያ እስከ አሰላ አልተነጋገርንም።

ግራሶ ምን እንደሆነ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ግራሶ ማለት ሳሙና አቅፎ የያዘው ዘይት ነው። የሚያለሰልሰው ዘይቱ ሲሆን፣ ሳሙናው እንዳይፈስስ ይይዘዋል። ጠባዩን የሚወስነውም በአብዛኛው የሳሙናው ዓይነት ነው። በሶዲየም የተሠራው ሙቀት ይችላል፤ ውሃ ግን አይችልም፤ ስለዚህ ለዓሣ ማጥመጃ አይሆንም። የካልሲየሙ ውሃ አይበግረውም፤ ከፍተኛ ሙቀት ግን ያቀልጠዋል። የሊቲየሙ ሁለቱንም በደህና ስለሚችል በየጋራዡ የሚገኘው እርሱ ነው። የተለያየ ሳሙና ያላቸው ግራሶዎች ሲደባለቁ ደግሞ አንዳንዴ ቀጥነው ይፈስሳሉ። አዲሱ ከመቀባቱ በፊት አሮጌው ተጠርጎ መውጣት ያለበት ለዚህ ነው።

ውፍረቱም በቁጥር ይለያል። ከ000 እስከ 6 ዘጠኝ ደረጃዎች አሉት። የሚለካው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሾጣጣ ብረት ግራሶው ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰምጥ በማየት ነው። ጋራዥ የሚያዘወትረው ቁጥር 2 ውስጥ ብረቱ ከ26.5 እስከ 29.5 ሚሊ ሜትር ይሰምጣል። የአሰላ ሌሊት ግን 25 ዲግሪን በሕልሙም አያያት። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያደረ ግራሶ ማለዳ እንደ ረጋ ቅቤ ነው።

ከዓይነቱም ይልቅ ትልቁ ጥፋቴ መጠኑ ነበር። አባቴ ሦስት ቀን ዝም ብሎኝ ሰነበተና በአራተኛው ጠራኝ።

«ትራክተር ላይ እስኪተርፍ ድረስ በፓምፕ ትገፋለህ። አዲሱ ግራሶ አሮጌውንና ጭቃውን ገፍቶ ያወጣዋል። ይኼ ግን መውጫ የለውም፤ የሰጠኸውን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። እናትህ ምጣድ ስታስስ አላየህም? ጎመንዘሩን አዳርሳ በጨርቅ ትጠርገዋለች። እንጀራው የሚነሣላት በቀረው ነው።»

ጋዜጣ ዘርግተን እንደገና ፈታነው። እርሱ በጣቱ ያመለክታል፤ እኔ እሠራለሁ። ሁሉንም በነጭ ጋዝ አጥቤ አደረቅሁት። ለነሐሱ ጥርስ ቀጠን ያለ ግራሶ በክብሪት እንጨት ጫፍ ሰጠሁትና መዘወሪያውን እያዞርኩ አዳረስኩት፤ የተረፈውን ጠረግሁ። ብሎኖቹን ዝገት እንዳይነካቸው ለአመል ያህል ቀባኋቸው። ከበሮው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ጋ ስደርስ ክብሪቱን ከእጄ ወሰደብኝ። እዚያ ግራሶ አይገባም፤ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ይበቃዋል። ከበሮው ሲፈጥን የሚይዙት ሁለቱ ትንንሽ ፍሬኖች ደግሞ ጭራሽ አይቀቡም፤ ሥራቸው መፋተግ ነውና።

ስጨርስ ተቀበለኝና ከበሮውን በአውራ ጣቱ ገፋው። ዞረ፤ አሁንም ዞረ። ጆሮውን አስጠግቶ እስኪቆም ድረስ አዳመጠው። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። ሳጥኑን ግን እንደ ድሮው አልጋው ሥር አላስገባውም። እፊቴ ትቶት ተነሣ።