በልምምድ የማይስት እግር በጭንቅ ሰዓት ለምን ይስታል?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በልምምድ ሜዳ አሥር ጊዜ መትቶ አሥሩንም የሚያገባ ልጅ በዋንጫው ቀን አንዷን ለምን ይስታል? እግሩ ያው ነው፤ የግቡም ስፋት አልጠበበም። ታዲያ ምን ተለወጠ?

ይህን ጥያቄ አገራችን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠይቃለች። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ ገና ግብ ሳይቆጠር ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ። ሳላዲን ሰኢድ መታ፤ ግብ ጠባቂው ኬኔዲ ምዊኔ መለሳት። ጨዋታው 1 ለ 1 ቢያልቅም ቡድኑ ከምድቡ አላለፈም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ በመጨረሻው ማጣሪያ ናይጄሪያን አዲስ አበባ ላይ ገጠሙ። በኃይሉ አሰፋ ባስቆጠራት ግብ ከመሩ በኋላ 2 ለ 1 ተሸነፉ፤ ሁለተኛዋ ግብ በ90ኛው ደቂቃ የተሰጠች ፍጹም ቅጣት ምት ነበረች። በመልሱም ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተረቱ።

በእርግጥ ናይጄሪያ የዚያ ዓመት የአፍሪካ ሻምፒዮን ስለነበረች ሽንፈቱን ሁሉ በጭንቀት ማሳበብ ልክ አይሆንም። ነገር ግን ጭንቀት የራሱ ድርሻ አለው። የስፖርት ሥነ ልቦና አጥኚዎች እንደሚሉት፣ በደንብ የተለመደ ሥራ የሚከናወነው ሳይታሰብበት ነው። ጭንቅ ሲመጣ ግን አእምሮ “ብስትስ?” እያለ እግርን መቆጣጠር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የለመደው እግር ይደናገራል። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት በትልልቅ ውድድሮች የተመቱ ፍጹም ቅጣት ምቶችን መርምሮ፣ ፊሽካው እንደተነፋ ተጣድፈው የሚመቱ ይበልጥ እንደሚስቱ አሳይቷል። የሚጣደፉት ከጭንቁ ቶሎ ለመገላገል ነው።

በአንጻሩ ኃይሌ ገብረሥላሴን አስቡ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር፣ ፖል ቴርጋት በመጨረሻው ዙር ቀድሞት ሳለ ደርሶ በ0.09 ሰከንድ አሸነፈው። ያ ሰዓት ለኃይሌ እንግዳ አልነበረም፤ በአትላንታ፣ በአቴንስና በሴቪያ ከዚያው ሰው ጋር ተፎካክሮ አሸንፏል። ዋልያዎቹ ግን ያንን መድረክ ለ31 ዓመት አላዩትም። ዳዊትም ቢሆን ከጎልያድ በፊት አንበሳና ድብ ገጥሞ ነበር።

እኔ በምኖርባት በዓለም ከተማ የወጣቶች ቡድን አሠለጥናለሁ። ከልጆቹ መካከል በጣም ጎበዝ የሆነ አንድ ልጅ ነበር። አባቱ ጋቢውን ለብሶ ሜዳው ዳር ሲቆም ግን እግሩ ይተሳሰራል። አንድ ቀን ወሳኝ ምት ሳተ፤ አባቱም ሳያናግረው ጥሎት ሄደ። ልጁ ከዚያ በኋላ ከልምምድ ቀረ። ቤቱ ሄጄ ስጠይቀው፣ “ጋሼ፣ የምፈራው ግብ ጠባቂውን አይደለም፤ ወደ ቤት መመለሱን ነው” አለኝ። ይህንኑ ለአባቱ ነገርኩት። ብዙ ሰዓት ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ቢያገባም ቢስትም አባትና ልጅ አብረው ይመለሳሉ። ልጁ ዛሬም አንዳንዴ ይስታል፤ ነገር ግን “እኔ ልምታ” ለማለት አይፈራም።

ባለ ትዳሮችስ? በሰላሙ ቀን ተከባብረን የምንነጋገር ባልና ሚስት፣ የቤት ኪራይ ሲጎድል ወይም ሕመም ሲገባ አንደበታችን ለምን ይለወጣል? ፍቅሩ ጠፍቶ ላይሆን ይችላል፤ ጭንቁን አስቀድመን አልተለማመድነው ይሆናል። እንግዲህ ስለ ገንዘብ የምትነጋገሩት ገንዘብ ሳያልቅ፣ በሰከነ ምሽት ይሁን። ጭንቁ በመጣ ጊዜም ለመልስ አትጣደፉ፤ ትንፋሽ ውሰዱ። ከሁሉም በላይ ግን የትዳር ጓደኛችሁም ሆነ ልጃችሁ ቢስት እንኳ ቤቱ እንደማይዘጋበት አስቀድሞ ይወቅ። ይህን የሚያውቅ ሰው ዓይኑን ከውጤቱ አንሥቶ በሥራው ላይ ማሳረፍ ይችላል።